ስለሌለኝ ስምንት ፎቅ ለውኃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ

ለክቡር የከተማችን የውኃና ፍሳሽ አገልግሎት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ከወንበርዎ ፊት ይድረስልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ ምክትሎችዎና የምክትሎችዎ ምክትሎች፣ እንዲሁም ከቢሮዎ ደጃፍ ተቀምጠው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚሉት ጸሐፊዎ ሁሉም ደህና ናቸው? በተለይ የጸሐፊዎ ጉሮሮ ያሳስበኛል፤ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ለእኔ ብቻ ስንት ጊዜ እንደደገሟት የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ከውኃ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ አደራ እላለሁ። በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች በሰላም መግባታቸውን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሲወጡ ግን ያየ የለም። ስለዚህ ነገሩ በጋዜጣ ቢወጣ፣ ጠዋት ሻይዎን ሲጠጡ ምናልባት ዓይንዎ ያርፍበት ይሆናል ብዬ ነው። ሻይ ከውኃ የሚፈላ መሆኑም ነገሩን ለማስታወስ ይረዳ ይሆናል።

ማን ናት ብለው እንዳይጨነቁ ራሴን ላስተዋውቅ። ፀጉር ሠሪ ነኝ። በዋናው መንገድ ዳር፣ ከባለመስታወቱ ረጅም ሕንጻ ፊት ለፊት፣ ጎንበስ ካላሉላት ግንባር የምትመታ በር ያላት የቆርቆሮ ቤት አለችኝ። ከፊተኛው ክፍል አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ሁለት ወንበርና ጥግ ጥጉ የደበዘዘ መስታወት አለ፤ ከኋለኛው ክፍል እናቴ ተኝታለች። ያለኝ ይኸው ነው። ሆኖም መሥሪያ ቤትዎ በላከልኝ የክፍያ ማስታወቂያ ላይ የስምንት ፎቅ ባለቤት መሆኔን ተረድቻለሁ። እንኳን ደስ ያለሽ የሚለኝ ሰው ስላጣሁ እኔው ከመስታወቱ ፊት ቆሜ ለራሴ እንኳን ደስ ያለሽ ብያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችን ሲሞት ግቢውን ለእኔና ለታላቅ እህቴ ትቶልን ሄደ። እህቴ የተማሪ ደንብ ልብስ ሰፊ ናት፤ ትራፊክ ፖሊስ ሕፃናት ሲያሻግር ካየች እንኳ መታወቂያዋን ከቦርሳዋ የምታወጣ፣ ሕግ የሚባል ነገር ስሙ ሲጠራ የምትንቀጠቀጥ ሴት ናት። ለእሷ በውስጠኛው መንገድ በኩል ያለው፣ ለእኔ በዋናው መንገድ በኩል ያለው ደረሰን። እኛ እንኳ እንደ ወትሮው በአንድ በር ገብተን በአንድ በር ልንወጣ ተስማምተን ነበር፤ ነገር ግን የከተማችን የይዞታ ክፍል መሀላችን ግንብ ካልቆመ ለየብቻ ካርታ እንደማይሰጠን ስላስታወቀን፣ ተበድረን የብሎኬት ግንብ አቆምን። ግንቡ ሲያልቅ አባታችን በሕይወቱ ያስገባው ቆጣሪና ቧንቧ ከእህቴ ወገን ቀረ። እኔም በሕግ መኖርን የመሰለ ነገር የለም ብዬ፣ ለራሴ ቆጣሪ እንዲገባልኝ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የተደረገልኝ ውለታ ብዙ ስለሆነ፣ አንዱም እንዳይረሳ በተራ ቁጥር አድርጌ ከዚህ በታች አመሰግናለሁ።

፩ኛ/ ቤቴን ወጣት ስላደረጉልኝ። እናቴ ሙሽራ ሆና የገባችባት፣ እህቴና እኔ የተወለድንባት፣ ማገሯን ምስጥ በልቶ በልቶ የጠገባት ቤት በመሥሪያ ቤትዎ አጠራር «አዲስ ልማት» ተብላለች። በመስኮቱ በኩል የምታስተናግደውን ልጅ፣ እኛ ባለጉዳዮች ባለመስኮቷ እንላታለን፣ ምክንያቱን ብጠይቃት ምንም ሳትቆጣ፣ የራሱ ቆጣሪ የሌለው ይዞታ ሁሉ አዲስ ተብሎ እንደሚመዘገብ አስረዳችኝ። የቤቷን ዕድሜ በጎረቤት ምስክር ላስረዳ ብላት «እህቴ፣ ሲስተሙ የሚያነበው እንደዚህ ነው» አለችኝ። ደንበኞቼ ጥቂት ዓመት ለመቀነስ ምን ያህል ቀለም እንደሚቀቡና ካስክ ሥር ምን ያህል እንደሚቀቀሉ ለማውቀው ለእኔ፣ አንዲት አሮጊት ቤት በአንድ ወረቀት አራስ ልጅ ስትሆን ማየት የሙያ ቅናት የሚያሳድር ነገር ነው። ይህን መድኃኒት በጠርሙስ አድርጋችሁ ብትሸጡት በውኃ ማስገቢያ ክፍያ ሰው ማስቸገር ባላስፈለጋችሁም ነበር።

፪ኛ/ ስለ ስምንቱ ፎቅ። ክፍያዬ ለምን እንደዚህ እንደናረ ስጠይቅ፣ አዲሱ መመሪያ የሚያየው የተሠራውን ቤት ሳይሆን በዋናው መንገድ ዳር በከተማው ፕላን መሠረት ሊሠራ የሚችለውን እንደሆነ ተነገረኝ። «ቤትሽን ተይው፤ እኛ መሬቱን ነው የምናየው፤ መሬቱ ስምንት ይችላል» አለችኝ ባለመስኮቷ። መሬቱ እንደዚህ ያለ ጉልበት እንዳለው አባቴ ሳያውቅ መሞቱ ቆጨኝ። እኔ አልችልም እንጂ መሬቱማ ይችላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት ስወጣ ወደ ላይ ማየት ለምዶብኛል። ሦስተኛውን ፎቅ ለጥርስ ሐኪም አከራይቼዋለሁ፤ ከአምስተኛው ላይ የሒሳብ ባለሙያዎች አሉ፤ የስድስተኛው ፎቅ ተከራዮቼ ግን ፀባያቸው አላማረኝም፣ እስከ ዛሬ ኪራይ የሚባል ነገር ከፍለው አያውቁም። የሚመሰገኑበት ነገር ቢኖር አንዳቸውም ውኃ አለመጠጣታቸው፣ አለመታጠባቸው፣ መጸዳጃ ቤት አለመሄዳቸው ነው። ለከተማው የቧንቧ መስመር ከእነሱ የተሻለ ነዋሪ የት ይገኛል? መሥሪያ ቤትዎ ግን ስለ እያንዳንዳቸው «የመስመር ማስፋፊያ ድርሻ» ጠይቆኛል። ዋናው ቧንቧ በደጃፌ ሥር እንደሚያልፍ፣ ጎዳናው ጭር ሲል ከእናቴ አልጋ ሥር ሲንሿሿ እንደሚሰማም ያውቃሉ፤ የሚሰፋው የትኛው መስመር እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። የተጠየቅኩት ገንዘብ መቀስ ከያዝኩ ጀምሮ ያገኘሁትን ሁሉ ሳልበላ ሳልጠጣ ባጠራቅመው የሚሞላ አይደለም። ሳልጠጣ የሚለውን እንኳ በእናንተ እርዳታ ጀምሬዋለሁ።

፫ኛ/ ስለ ጎረቤቴ ስለ ባለፎቁ። ከፊት ለፊቴ ያለው ባለመስታወት ሕንጻ ከምድር በታች የመኪና ማጠቢያ፣ ከላይ የመዋኛ ገንዳ ያለው፣ በየሳምንቱ መስታወቱን ከአናቱ እስከ እግሩ በጎማ የሚያሳጥብ ኩሩ ሕንጻ ነው። ፀጉራቸውን እኔ ዘንድ ከሚሠሩት ከባለፎቁ ሚስት እንደሰማሁት (ሚስቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ካስክ ሥር የገባ ሰው ሚስጥር አይችልም እንጂ) ባለፎቁ የውኃ ማመልከቻውን ያስገባው በቦታው ላይ ከዘበኛ ቤት በቀር ምንም ባልነበረበት ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ መሥሪያ ቤትዎ ደግሞ የሚያየው በቦታው የተሠራውን ነበር። ስለዚህ የአንድ ዘበኛ ቤት፣ የአንድ ቧንቧ፣ የአንድ ደንበኛ ክፍያ ከፈለ፤ ሕንጻውም በዚያው ወጣ። መመሪያው የተለወጠው የእሱ ጣሪያ ከተመታ በኋላ፣ የእኔ ማመልከቻ ከመግባቱ በፊት ነው።

እንግዲህ ለእሱ ያለውን አዩለት፤ ለእኔ የሚሆነውን አዩልኝ። እሱ በዘበኛ ቤት ዋጋ ለፎቅ ውኃ አስገባ፣ እኔ በፎቅ ዋጋ የዘበኛ ቤት ለምታህል ቤት ላስገባ ነው። ከተማው በዚህ የሚጎድልበት ነገር እንደሌለ አምናለሁ፤ መከፈል ያለበት ሁሉ ተከፍሏል፣ ከፋዮቹ ብቻ ናቸው የተለዋወጡት።

፬ኛ/ ስለ ሕዝባዊ መድረኩ። አዲሱ የክፍያ መመሪያ ከመውጣቱ በፊት የነዋሪውን አስተያየት ለመስማት በአዳራሽ ጠርታችሁን ነበር። የሱቄን በር ዘግቼ፣ ጥሩ ልብሴን ለብሼ መጣሁ። ጥናቱን ያቀረቡት ባለሙያ ቀስቱ ወደ ላይ የሚሄድ ሥዕል እያሳዩ «ዕድገት የራሱን ወጪ ይሸፍናል» አሉን። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ አይጠላም። ቧንቧ እንደ ዝናብ በነጻ አይወርድም፤ የሚቆፍር፣ የሚበይድ፣ የሚጠግን ሰው ደመወዝ ይፈልጋል፣ ከተማው በሰፋ ቁጥር አዲስ የሚገባው ሰው ድርሻውን ቢያወጣ ደግ ነው። ነባሩ ሰው ለአዲሱ ሰው ሕንጻ ለምን ይክፈል ቢባልም ይገባኛል። እኔም ስለ አንዲት ቧንቧ የአንዲት ቧንቧ ድርሻ በመሐረብ ቋጥሬ ተዘጋጅቼ ነበር። እጄን አውጥቼ «ዕድገት የሚከፍል ከሆነ ያላደገ ሰው ምን ይክፈል?» ብዬ ጠየቅኩ። መድረክ መሪው ጥያቄዬን በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው ካሉ በኋላ ወደ ሻይ እረፍት አለፍን።

በየወንበሩ ላይ የታሸገ ውኃ ተቀምጦልን ነበር። ይህንንም ሳላመሰግን አላልፍም፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት ውኃ እሱ ብቻ ነው። ግማሹን ለእናቴ ወሰድኩላት።

፭ኛ/ አምስተኛው ላይ ስደርስ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናው እጄ ላይ አልታዘዝ አለኝ፤ ስለዚህ ቁጥሩን ትቼ እንዲሁ ልንገርዎ።

እናቴ በደህናው ዘመኗ፣ በሰፈራችን ስታልፍ ወንዶች ኮሌታቸውን የሚያስተካክሉላት ሴት ነበረች። ያልታጠበ ልጅ ካየች የማን ልጅ ነው ብላ ሳትጠይቅ ይዛ ታጥበው ነበር። አሁን ግማሽ አካሏ አይታዘዝም፤ ንግግሯም አጥሯል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ በየቀኑ ካልታጠበችና ካልተገላበጠች ጀርባዋ እንደሚቆስል፣ ቁስሉ አንዴ ከያዘ ደግሞ እንደማይለቅ ነግራናለች። እህቴ ዘንድ እንዳትሄድ መኝታው በደረጃ የሚወጣ ነው፣ ከታች ያለው ክፍል ደግሞ በስፌት መኪናዎች ተይዟል፤ ቦታ ቢገኝ እንኳ እናቴ «ከዚህ ክፍል የምወጣው ተሸክማችሁ ስታወጡኝ ነው» ብላለች። ስለዚህ ለማስገቢያው ክፍያ እስክደርስ ድረስ እህቴ ከቧንቧዋ ጎማ ዘርግታ በግንቡ ላይ አሳልፋ ትሰጠኝ ነበር። ከግንቡ ማዶ «ልልቀቀው?» ትላለች፤ ከወዲህ «ልቀቂው» እላለሁ። እናታችን በዚህ ትታጠብ ነበር።

አንድ ቀን ተቆጣጣሪዎ መጣ። ስሙን ስላልነገረን፣ ከወገቡ የማትለየውን መለኪያ አይተን ባለሜትሩ ብለነዋል። ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ካየ በኋላ፣ ውኃ ግንብ ከተሻገረ ለሦስተኛ ወገን እንደተላለፈ እንደሚቆጠርና የእህቴ ቆጣሪ ሊነቀል እንደሚችል አስታወቀን። እህቴ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመንግሥት ሰው ጥያቄ አቀረበች፤ «ጌታዬ፣ ሦስተኛ ወገን የተባለችው እናቴ ናት?» አለችው። ባለሜትሩ ክፉ ልጅ አይደለም፣ መሬት መሬቱን አየ፤ ጎማውን ግን ጠቅልሎ ለማስረጃ ይዞ ሄደ። እህቴን የወለደቻት እናቷ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ሦስተኛ ወገን ሆና ተመዝግባለች።

ከዚያ በኋላ ውኃውን ወደ እናቴ ማምጣት ስለተከለከለ፣ እናቴን ወደ ውኃው መውሰድ ጀመርን። የእኔና የእህቴ በር በተለያየ መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው፤ ግንቡን በእጁ የሚነካ ሰው እንኳ ከበር ወደ በር ለመሄድ ሰፈሩን መዞር አለበት። ጎማ እግር ያለውን የፀጉር ቤቴን ወንበር አወጣሁ፣ እናቴን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አስቀመጥኳት፣ እየገፋሁ በባለፎቁ ሕንጻ በኩል፣ በአውቶቡስ መጠበቂያው በኩል፣ ጥጉን ዞሬ ወደ እህቴ። በባለፎቁ በር ስናልፍ ዘበኞቹ ተነስተው ወንበሩን ከነእናቴ አንስተው የእግረኛውን ጠርዝ አሻገሩልኝ፤ አንደኛው «አይዞሽ እናቴ» አላት። እናቴ ፊቷን በብርድ ልብሱ ጫፍ ሸፍና «ሰው አየኝ?» አለችኝ። የአውቶቡስ ተሰላፊው ሁሉ ሰልፉን ትቶ እያያት «ማንም የለም እማዬ» አልኳት። በየቀኑ ይህንኑ ትጠይቀኛለች፣ በየቀኑ ይህንኑ እዋሻታለሁ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ተናድጃለሁ። ለጥቂት መስመር ትሕትናዬን ላስቀምጥና መልሼ አነሣዋለሁ። ስለሌለ ፎቅ የሚከፈል ገንዘብ እየጠበቃችሁ፣ ያለችን አንዲት ሰው እንደ ዕቃ በጎዳና አስገፋችሁን። በሥዕሉ ላይ ቀስቱ ወደ ላይ ሲሄድ ከሥሩ ማን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም። እኔ ፀጉር ነው የምሠራው፤ ደንበኛ ስትቀመጥ ያላትን ፀጉር አይቼ ነው ዋጋ የምነግራት። ነገ ሊበቅልላት የሚችለውን ቆጥሬ ባስከፍላት፣ እናንተ ራሳችሁ ናችሁ ሱቄን የምታሽጉት።

ትሕትናዬን መልሼ አንስቻለሁ።

መፍትሔውን ያመጣችው ማን እንደሆነች ቢገምቱ አያገኟትም። ያቺ ፈሪ እህቴ ናት። አንድ ጠዋት ግንቡን ያቆመልንን ግንበኛ ይዛ መጣችና፣ በጠመኔ ግንቡ ላይ አራት መስመር አሠመረች፤ የእናቴ አልጋ የሚያህል። «እትዬ፣ ይከሱናል» ብላት «ይክሰሱኝ፤ እማዬን ከዛሬ ወዲያ መንገድ አታዞሪያትም» አለችኝ። ግንበኛው የሠራሁትን ማፍረስ ከመሥራት ይቀላል ብሎ ገንዘብ አልተቀበለንም። ብሎኬቱ ከወጣ በኋላ እናቴን በአልጋዋ እንዳለች በቀዳዳው አሳለፍናት። እህቴ ከተራረፈ የደንብ ልብስ ጨርቅ መጋረጃ ሰፍታ ከቧንቧው ዙሪያ ሰቅላ ጠበቀችን። እናቴ በአባቴ ቧንቧ፣ በሁለት ልጆቿ እጅ፣ ማንም ሳያያት ታጠበች። ሳሙናው ዓይኔ ገባ ብላም ተቆጣችን፤ ከታመመች ወዲህ እንዲህ አድርጋ ስትቆጣን የመጀመሪያዋ ስለሆነ እህቴና እኔ እየተሰደብን ሳቅን።

መሥሪያ ቤትዎ ይህን ደስታችንን ለመካፈል አልዘገየም። ባለሜትሩ መጣ፤ የቀዳዳውን ወርድና ቁመት ለካ፤ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከዚያም ለእህቴ ደብዳቤ ደረሳት። ግንቡ በመከፈቱ የእህቴ ይዞታ ወደ ዋናው መንገድ መውጫ አግኝቷል፤ ወደ ዋናው መንገድ መውጫ ያለው ይዞታ ደግሞ ስምንት ፎቅ የሚችል ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በፊት በተከፈለውና በስምንት ፎቁ መካከል ያለውን ልዩነት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈለች ቆጣሪው ይነቀላል። እናቴ ልትታጠብ ባለፈችበት ቀዳዳ እህቴም ስምንት ፎቅ ሠራች ማለት ነው። እኛ ቤት እንግዲህ አሥራ ስድስት ፎቅ ሆነናል፤ በሰፈሩ ከባለፎቁ የምንበልጠው እኛ ነን።

ቀዳዳውን መልሰን ብንደፍነውስ ብለን ጠየቅን። ባለመስኮቷ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኛን አየች፣ ድምጿንም ዝቅ አደረገች። «እናቶቼ፣ አንዴ የተገመተ አይቀነስም፤ ሲስተሙ መጨመር ብቻ ነው የሚያውቀው» አለችን። የልጅቷን ዓይን አይቼዋለሁ፤ እሷም ደስ አላላትም። ለእርስዎ የምነግርዎ እንዲቀጧት ሳይሆን፣ በሕንጻዎ ውስጥ ሰው ያየሁበት መስኮት አንድ እንዳለ እንዲያውቁት ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ አጭር ነው። ያለችኝን አንዲት ቤት፣ ያለችኝን አንዲት ጣሪያ ይዩና የአንዲት ቧንቧ ክፍያ ያስከፍሉኝ፤ ፎቁን በሠራሁ ዕለት የፎቁን ይጨምሩብኝ፤ ከሠሩትም ሰዎች የሠሩትን ያህል ይቀበሉ። የእህቴን ቆጣሪ ይተዉላት። ይህ የማይቻል ከሆነም አልከራከርም፤ የተጠየቅኩትን ገንዘብ ሙሉውን አዘጋጅቼ ስምንተኛው ፎቅ ላይ አስቀምጬልዎታለሁና ገንዘብ ያዥዎን ልከው ያስወስዱ። ሊፍቱ ስላልተገጠመ በደረጃው ይውጡ፤ ደረጃው ስለሌለም ቀስ ብለው ይውጡ። በስድስተኛው ፎቅ ሲያልፉ ተከራዮቼን ስለ ኪራዩ ቢያስታውሱልኝ ውለታቸውን አልረሳም።

ጊዜዎን ስለተሻማሁ፣ በሻይዎ ላይ ስለገባሁ፣ ስብሰባዎንም ስላቋረጥኩ እጅግ አዝናለሁ። የመሥሪያ ቤትዎ ቧንቧ አይድረቅ፣ መመሪያዎ ይርዘም፣ ወንበርዎ ይጽና፤ የልጅ ልጆችዎም እርስዎ ሲያረጁ ማንንም ሳያስፈቅዱ ገላዎን የሚያጥቡበት ዘመን ያድርግልዎ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ትሑት ደንበኛዎ፣ ያውም ገና ደንበኛ ያልሆነችው፣
የስምንት ፎቅ ባለቤት፣ የሌላ ስምንት ፎቅ ባለቤት እህት፣
የአንዲት ሦስተኛ ወገን ልጅ፣
ፀጉር ሠሪዋ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ የእህቴ ቆጣሪ ከተነቀለ እናታችንን የት እንደምናጥባት ስንማከር፣ ከአዲሱ መሥሪያ ቤትዎ ደጃፍ ከመግቢያው ደረጃ ፊት ለፊት፣ ቀን ከሌት ወደ ላይ የሚረጭ ፏፏቴ መኖሩ ትዝ አለን። ስናጠያይቅ ውኃው ንጹሕ የቧንቧ ውኃ እንደሆነ፣ ፏፏቴው «ማስዋቢያ» ተብሎ ስለተመዘገበም ምንም ዓይነት የማስገቢያ ክፍያ እንዳልተጠየቀበት ሰማን። እኔና እህቴ ግን ያ ሁሉ ሠራተኛና ባለጉዳይ እያያት እንዴት ይሆናል ብለን ሐሳቡን ትተነው ነበር። እናቴ ለካ ከአልጋዋ ሆና ስትሰማን ቆይታለች፤ በደህናው ጎኗ ወደ እኛ ዞረችና «ይዩኝ» አለች። ስለዚህ ቆጣሪው በተነቀለ ማግስት፣ ጠዋት ሠራተኛ በሚገባበት ሰዓት እንመጣለን። ፎጣና ሳሙና ከቤታችን ስለምንይዝ መሥሪያ ቤትዎ የሚያወጣው ወጪ አይኖርም።